ከድምፅ ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሰው፦ የሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ ሕይወት (1821–1894)

ጋቢናው ረዘም ባለ ፒክአፕ መኪና ውስጥ ከኋለኛው መቀመጫ በስተጀርባ ያለው ጠባብ ክፍተት ለብዙው ሰው የክሪክና የመፍቻ ማስቀመጫ ነው። ለድምፅ ባለሙያ ግን ከባድ ፈተና ነው። ምክንያቱም ከ80 ሄርትዝ ገደማ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ብቻ እንዲያሰማ የተሠራው እስፒከር፣ ማለት ሰብዉፈር፣ ከነሳጥኑ በዚያ ክፍተት ውስጥ እንዲገባ ይፈለጋል። የመኪናው ባለቤት ሳጥኑ ትንሽ እንዲሆንለት፣ ድምፁ እጅግ እንዲወፍርለት፣ በጥቂት ዋት ደግሞ ጋቢናው በድምፅ እንዲሞላለት፣ ሦስቱንም በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ በምን ምክንያት ተሟልቶ ሊመለስ እንደማይችል የሚያስረዱት ሁለት ሕጎች ናቸው፤ አንደኛው ስለ ጉልበት፣ ሁለተኛው በዕቃ ውስጥ ስለ ታጎረ አየር ይናገራል። በሁለቱም ላይ የአንድ ሰው እጅ አለበት። ያ ሰው በመጀመሪያ ሙያው ሐኪም የነበረው፣ የዛሬው ዓይነት እስፒከር ከመሠራቱ 30 ዓመት ያህል አስቀድሞ የሞተው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልዝ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሄልምሆልዝ ኦገስት 31 ቀን 1821 በፕሩሲያ መንግሥት በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሲሆን በዕውቀት የበለጸገ፣ በኪሱ ግን ድኻ የነበረ ሰው ነው። ልጁ በሽታ የሚያጠቃው ስለ ነበር የሕፃንነት ዘመኑን በአብዛኛው ከቤት ሳይወጣ አሳለፈ። በዚያም ጊዜ መጫወቻው ከእንጨት የተቆረጡ ጡቦች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ጂኦሜትሪ ሲማር መምህሩ የሚያስረዳውን አብዛኛውን ነገር በእነዚያ ጡቦች አማካይነት አስቀድሞ ያውቀው ኖሯል። በቃል ጥናት ግን ደካማ ነበር። እርስ በርሱ የማይያያዝ ቃልና ስም አእምሮው አይዝለትም፤ ምክንያትና ውጤት ያለው ነገር ሲሆን ግን አይረሳም። ይህ ጉድለቱ ኋላ ለበጎ ሆነለት፤ ብዙ ዝርዝር ነገሮችን በአንድ ሕግ ሥር መሰብሰብን የሕይወቱ ልማድ አደረገው።

ወጣቱ የሚመኘው ፊዚክስ መማር ነበር። ነገር ግን የአባቱ ደመወዝ ለዚህ የሚበቃ አልሆነም። በዚያን ጊዜ በበርሊን ለጦር ሠራዊቱ ሐኪሞችን የሚያሠለጥን አንድ ተቋም ነበረ፤ ትምህርቱን በነጻ ይሰጥና ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ለ8 ዓመት በውትድርና ሐኪምነት እንዲያገለግል ያስገድዳል። ሄልምሆልዝ በ1838 ወደዚህ ተቋም ገባ። ሲሄድም ፒያኖውን ይዞ ነበር። ቀን ሬሳ እየመረመረና መድኃኒት እያጠና፣ ማታ ማታ ሞዛርትንና ቤትሆቨንን ይጫወት ነበር። ሕክምና በድኅነት ምክንያት የገባበት፣ ሙዚቃ በፍቅር የያዘው፣ ፊዚክስ በምኞት የቀረው ነበር ማለት ይቻላል። ሦስቱ በአንድ ሥራ ላይ እስኪገናኙ ድረስ 20 ዓመት ፈጀ።

በበርሊን ዩኒቨርሲቲ መምህሩ ስመ ጥሩው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዮሐንስ ሙለር ነበር። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ ሊቃውንት ሕይወት ያለው አካል ከተራው የተፈጥሮ ኃይል ውጭ የሆነ አንድ ልዩ የሕይወት ኃይል አለው ብለው ያምኑ ነበር። ሄልምሆልዝና ጓደኞቹ ኤሚል ዱ ቧ-ሬይሞንና ኤርንስት ብሩከ ግን ይህን አልተቀበሉም። በ1842 የዶክተርነት ማዕረጉን ካገኘ በኋላ በ1843 በፖትስዳም ለሚገኝ ክፍለ ጦር ሐኪም ሆኖ ተመደበ። በጦር ሰፈሩም ውስጥ አንዲት አነስተኛ ላቦራቶሪ አቋቁሞ የእንቁራሪት ጡንቻ ሲሠራ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያወጣ ይለካ ጀመር። ፍላጎቱ የእንስሳት አካል ከበላው ምግብ ከሚያገኘው የበለጠ ጉልበት ከየትም አምጥቶ እንደማያወጣ ማረጋገጥ ነበር።

ከዚህ ምርምር የመጣው ሐሳብ ከእንቁራሪት ጡንቻ አልፎ ተፈጥሮን በሙሉ የሚያቅፍ ሆነ። ጁላይ 23 ቀን 1847፣ ገና የ25 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ስለ ጉልበት አለመጥፋት የጻፈውን ድርሳን በበርሊን የፊዚክስ ማኅበር ፊት አነበበ። ጉልበት ከእንቅስቃሴ ወደ ሙቀት፣ ከሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ፣ ከኤሌክትሪክ ወደ እንቅስቃሴ ይለወጣል እንጂ ከምንም አይፈጠርም፣ የትም አይጠፋም የሚለውን መሠረተ ሐሳብ በሒሳብ አስተካክሎ አቀረበ። እርግጥ ነው፣ ሮበርት ማየር በ1842 ተመሳሳይ ሐሳብ ጽፎ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁልም ሙቀትና ሥራ የሚተካኩበትን መጠን እየለካ ነበር። የሄልምሆልዝ ድርሻ ሐሳቡን ለፊዚክስ ዘርፎች ሁሉ በአንድ ቋንቋ መግለጹ ነው። ይሁንና የታወቀው የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ ፖገንዶርፍ ጽሑፉን ለማተም አልፈቀደም። አንጋፋዎቹ ሊቃውንት ከላቦራቶሪ ሙከራ ይልቅ ወደ ፍልስፍና ያዘነበለ አድርገው ተመለከቱት። ወጣቱ ሐኪም ተስፋ ሳይቆርጥ ድርሳኑን ለብቻው በትንሽ መጽሐፍ መልክ አሳተመው። ዛሬ ይህን ሕግ ሳይቀበል የሚሠራ መሐንዲስ የለም።

የጦር ሠራዊቱ ከግዴታው ዘመን ቀንሶለት በ1848 ስለ ለቀቀው በበርሊን የሥነ ጥበብ አካዳሚ አናቶሚ ካስተማረ በኋላ በ1849 በኬኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ። በዚያው ዓመት ኦልጋ ፎን ፌልተንን አገባ። በኬኒግስበርግ የሠራቸው ሁለት ሥራዎች ስሙን በአውሮፓ አስጠሩለት። አንደኛው በነርቭ ውስጥ የሚተላለፈውን መልእክት ፍጥነት መለካቱ ነው። ይህ ፍጥነት ሊለካ የማይቻል ነው ተብሎ ይታመን በነበረበት ጊዜ፣ በእንቁራሪት ነርቭ ላይ በሰከንድ 30 ሜትር ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። ሁለተኛው በሕይወት ያለ ሰው የዓይን ውስጠኛ ግድግዳ የሚታይበትን መሣሪያ በ1851 ለዓለም ማሳወቁ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ከጥቂት የመስተዋት ንጣፎችና ሌንሶች የተገጣጠመ እጅግ ቀላል ነገር ነበር፤ የዓይን ሕክምናን ግን ለወጠው።

የኦልጋ ጤና በሰሜኑ ብርድ እየተዳከመ ስለ ሄደ ቤተሰቡ በ1855 ወደ ቦን፣ በ1858 ደግሞ ወደ ሃይደልበርግ ተዛወረ። የአየሩ ለውጥ ግን አላዳናትም። በ1859 መጨረሻ ሁለት ልጆች ትታበት ሞተች። ሄልምሆልዝ ከዚህ ኀዘን በኋላ በ1861 አና ፎን ሞልን አግብቶ ቤቱን እንደገና አቆመ። ስለ ድምፅ የሠራው ታላቅ ሥራ የተፈጸመው እነዚህን የስደትና የኀዘን ዓመታት ተከትሎ ነው። በ1863 የታተመው ስለ ድምፅ ስሜት የሚያስተምረው መጽሐፉ ሐኪሙን፣ የፊዚክስ ሊቁንና የሙዚቃ አፍቃሪውን በአንድ ላይ ያናገረ ሥራ ነበር።

የመጽሐፉ ዋና ጥያቄ ይህ ነው፤ ቫዮሊንና ዋሽንት አንድ ዓይነት ኖታ ሲጫወቱ ጆሮ የሚለያቸው በምንድን ነው? ሄልምሆልዝ የሰጠው መልስ፣ አንድ የሙዚቃ ድምፅ ብቻውን አይደለም፤ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ ድግግሞሻቸው ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ አራት እጥፍ የሆኑ ቀጫጭን ድምፆች አብረውት አሉ፤ የድምፁም ጠባይ የሚወሰነው በእነዚህ ተከታዮች ብርታትና ድካም ነው የሚል ነበር። ይህን ለማሳየት ተከታዮቹን አንድ በአንድ ነጥሎ የሚያሰማ መሣሪያ አስፈለገው። ስለዚህ ከብርጭቆ፣ በኋላም ከናስ፣ ባዶ ሉል አሠራ። ሉሉ በአንድ ወገን ክፍት አፍ አለው፤ በሌላው ወገን ጆሮ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ጫፍ አለው፤ ጫፉ በሰም ተለብጦ ጆሮን ይደፍናል። ሉሉ የተቃኘበት ድምፅ በአካባቢው ሲሰማ በውስጡ ያለው አየር በኃይል ይርገበገባል፤ ሌላው ድምፅ ግን እንደ ተደፈነ ጆሮ ያህል ይደበዝዛል። በፓሪስ የነበረው የመሣሪያ ባለሙያ ሩዶልፍ ኬኒግ እነዚህን ሉሎች እየሠራ በየላቦራቶሪው አዳረሳቸው። የሄልምሆልዝ ስም እስከ ዛሬ የተያያዘው ከዚህ ዕቃ ጋር ነው።

ነገሩ ለመረዳት አያስቸግርም። ውሃ የሚቀዳበት እንስራ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ እየቀጠነ መሄዱን የማያውቅ የለም። በእንስራው ውስጥ የቀረው አየር ባነሰ ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ በበዛ ቁጥር ይወፍራል። ሄልምሆልዝ በ1860 ባሳተመው የሒሳብ ጥናት ጠባብ አፍ ያለው ባዶ ዕቃ በየትኛው ድግግሞሽ እንደሚርገበገብ አስላ። ከ10 ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ሐሳቡን አስፋፍቶ ለመሐንዲስ የሚመች ሥዕል ሰጠው፤ በአንገቱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ክብደት፣ በሆዱ ውስጥ ያለው አየር እንደ ሞላ ሆነው አንዱ በሌላው ላይ ይወዛወዛሉ። ድግግሞሹ ከአፉ ስፋት ስኩዌር ሩት ጋር ያድጋል፤ ከሆዱ መጠንና ከአንገቱ ርዝመት ብዜት ስኩዌር ሩት ጋር ደግሞ ይቀንሳል። የእስፒከር ሳጥን ሁሉ መሠረት ይህ ነው። ሳጥኑ ዕቃ መያዣ አይደለም፤ በውስጡ ያለው አየር እንደ ማንኛውም የመኪና ሞላ ሥራ የሚሠራ የማሽን ክፍል ነው።

ሄልምሆልዝ በ1871 ወደ በርሊን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ተጠራ። በልጅነቱ በገንዘብ እጦት የቀረበት ትምህርት በ50 ዓመቱ ወንበሩን ሰጠው። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ቪልሄልምም በመኳንንት ማዕረግ ፎን የሚለውን መጠሪያ ጨመሩለት። ወዳጁ የኤሌክትሪክ መሐንዲሱ ቨርነር ሲመንስ በማግኔት መካከል በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ የሽቦ ጥቅል አሠራር በ1874 በፓተንት አስመዝግቦ ነበር። የዛሬው እስፒከር ልብ ይኸው ጥቅል ነው፤ ነገር ግን ኤሌክትሪኩን የሚያጎላ መሣሪያ ገና ስላልነበረ በዚያን ጊዜ ለሙዚቃ አልዋለም። የሲመንስ ልጅ አርኖልድና የሄልምሆልዝ ልጅ ኤለን በ1884 ተጋቡ፤ ጥቅሉና ሳጥኑ ሳይገናኙ ቤተሰቦቹ ተገናኙ ማለት ነው።

በዚያው ዘመን መጽሐፉ በሩቅ አገር ሌላ ፍሬ አፍርቷል። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የሄልምሆልዝን መጽሐፍ ሲመለከት ጀርመንኛውን በደንብ ባለማወቁ፣ በኤሌክትሪክ የሚርገበገቡትን መቃኛ ሹካዎች ሥዕል አይቶ ሊቁ የሰውን ድምፅ በሽቦ ያስተላለፈ መሰለው። ሄልምሆልዝ ያደረገው ግን የአናባቢ ድምፆችን ከነጠላ ድምፆች አቀናብሮ ማሰማት ብቻ ነበር። ቤል ተደርጓል ብሎ ያመነውን ነገር ራሱ ለማድረግ ሲጥር ወደ ስልክ ፈጠራ ከሚወስደው መንገድ ላይ ደረሰ።

ከተማሪዎቹ ሁሉ ሄልምሆልዝ እጅግ የሚወደው ሃይንሪኽ ሄርትዝ ነበር። የኤሌክትሪክ ሞገድ መኖሩን በሙከራ ያረጋገጠው ይህ ወጣት ስሙ ለድግግሞሽ መለኪያ ተሰጥቷል፤ በየሰብዉፈሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሁሉ የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ሄልምሆልዝ በ1888 በሲመንስ ድጋፍ በሻርሎተንቡርግ የተቋቋመው የመንግሥት የፊዚክስና የቴክኒክ ተቋም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆነ። የተቋሙ ተግባር ለኢንዱስትሪው ትክክለኛ መለኪያ ማውጣት ነበር። የመጨረሻዎቹ ዓመታት ግን የኀዘን ሆኑበት። በ1889 ልጁ ሮበርት ሞተ። በ1893 በቺካጎ በተደረገው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ተገኝቶ ሲመለስ በመርከቡ ደረጃ ላይ ወድቆ ተጎዳ። በጃንዋሪ 1 ቀን 1894 ሄርትዝ በ36 ዓመቱ ሞተበት። እርሱም በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 8 ቀን በሻርሎተንቡርግ ዐረፈ።

የዘራው ግን ከሞተ በኋላ በቀለ። በ1925 ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ በአሜሪካ የዛሬውን ዓይነት እስፒከር አሠራር አሳተሙ። ብዙም ሳይቆይ የእስፒከሩ ጀርባ የሚያወጣው ድምፅ የፊቱን ድምፅ እንዳያጠፋው ሳጥን አስፈለገ። የቤል ላቦራቶሪው አልበርት ቱራስ በ1930 አመልክቶ በ1932 ባገኘው ፓተንት በሳጥኑ ላይ ቱቦ ቀዳለት፤ ይህም የሄልምሆልዝ ሉል ራሱ ነው። ኤድጋር ቪልቸር በ1954 ተቃራኒውን መንገድ ይዞ፣ ሳጥኑን አጥብቆ በመዝጋት የታጎረው አየር የእስፒከሩ ዋና ሞላ እንዲሆን አደረገ። አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲሌ በ1961፣ ሪቻርድ ስሞልም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሁለቱንም ዓይነት ሳጥን በስሌት ሥርዓት አስያዙ። ከዚያ ወዲህ ሳጥን የሚሠራ ሰው በግምት ለመሥራት ምክንያት የለውም።

ስሌቱ በፒክአፑ ጋቢና ውስጥ ሲፈተን ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ለምሳሌ ከመቀመጫው ጀርባ ወርዱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 35 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከታች 20 ከላይ 12 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን ይገባል እንበል። በውጭ ሲለካ ወደ 67 ሊትር ይሆናል። ግድግዳው 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ኤም ዲ ኤፍ ሲሠራ ግን የውስጡ መጠን ወደ 45 ሊትር ይወርዳል፤ እንጨቱ ብቻ ሢሶውን በላ ማለት ነው። እስፒከሩ ራሱና ማጠናከሪያ ድጋፎቹ የሚይዙት ሲቀነስ 40 ሊትር ያህል ይቀራል። በውጭ መለኪያ ብቻ ተመክቶ የሚሠራ ሰው ገና ከጅምሩ ስቷል።

አሁን ያለ ሳጥን በ30 ሄርትዝ የሚርገበገብ፣ የመለጠጥ ጠባዩ ከ60 ሊትር አየር ጋር የሚተካከል እስፒከር በዚህ በተዘጋ 40 ሊትር ሳጥን ውስጥ ቢገጠም፣ የሞላው ጥንካሬ ስለሚጨምር ድግግሞሹ ወደ 47 ሄርትዝ ይወጣል። ባለቤቱ ድምፅ ይበዛልኛል ብሎ ሁለት እስፒከር ቢያስገባ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ሊትር ብቻ ስለሆነ ድግግሞሹ 60 ሄርትዝ ይሆናል። ድምፁ በዝቶ ውፍረቱ ጠፋ ማለት ነው። በቱቦ ልሥራው ያለ ደግሞ ሌላ ዕዳ ይገጥመዋል። 40 ሊትሩን በ35 ሄርትዝ ለመቃኘት ዲያሜትሩ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ይፈልጋል፤ ከ3 ሊትር በላይም ከሳጥኑ ይወስዳል። ቱቦው ወደ 7.5 ሴንቲ ሜትር ቢጠብ ርዝመቱ ወደ 21 ሴንቲ ሜትር ያጥራል፤ ነገር ግን አየሩ በጠባቡ መንገድ ሲሮጥ ያፏጫል።

ይህን ሁሉ የሚያስረው የ1847ቱ ሕግ ነው። በስሌት እንደ ተረጋገጠው አንድ እስፒከር ሊኖረው የሚችለው ድምፅ የማውጣት ብቃት ከሳጥኑ መጠንና ከዝቅተኛው ድግግሞሽ ኩብ ብዜት ጋር ይሄዳል። ሳጥኑ ሳይተልቅ ዝቅተኛውን ድግግሞሽ በግማሽ ማውረድ የፈለገ ሰው ለተመሳሳይ ድምፅ 8 እጥፍ ዋት መክፈል አለበት። ከአምፕሊፋየሩ የሚወጣው ጉልበት አብዛኛው በሽቦው ጥቅል ውስጥ ሙቀት ይሆናል፤ ከ100 ዋት ድምፅ ሆኖ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ1 ዋት አይበልጥም። የጨመረው ዋት ሁሉ ጥቅሉን ያሞቃል፣ ባትሪውንም ያደክማል። ትንሽነት፣ ውፍረትና ቁጠባ ሦስቱ አብረው አይገኙም፤ ሁለቱን የመረጠ ሦስተኛውን ይከፍላል።

ለጠባብ ጋቢና አንድ በጎ ነገር አለ። የጋቢናው ረጅሙ ልክ 2.4 ሜትር ቢሆን፣ ከ70 ሄርትዝ ገደማ በታች የድምፁ ግማሽ ሞገድ ከጋቢናው ስለሚረዝም አየሩ በሙሉ እንደ አንድ ትራስ ይጨመቃል። የተዘጋ ሳጥን ድምፅ ከራሱ ድግግሞሽ በታች ድግግሞሹ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር ግፊቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ጋቢናው ደግሞ አየር የማያሾልክ ቢሆን ኖሮ በዚያው ልክ እስከ አራት እጥፍ ባነሣው ነበር። በተግባር በበርና በመስኮት የሚያመልጥ አየር ስላለ ርዳታው ከዚህ ያነሰ ነው። እንዲህም ሆኖ ከመቀመጫ ጀርባ ላለው ክፍተት ስፌቱ በሙጫና በሲሊኮን የተደፈነ፣ ግድግዳው በውስጥ ድጋፍ የጠነከረ፣ ለአንድ እስፒከር ብቻ የተለካ ዝግ ሳጥን ብዙውን ጊዜ የተሻለ መልስ ይሆናል።

ሄልምሆልዝ ያስተማረው ሌላም ነገር ለዚህ ሙያ ማስጠንቀቂያ ነው። በጠባብ ሳጥን ውስጥ ከዐቅሙ በላይ የሚነዳ እስፒከር ያልተጫወተውን ተከታይ ድምፅ ከራሱ ጨምሮ ያወጣል፤ ያልለመደ ጆሮ ይህን መንጫጫት የወፍራም ድምፅ ብርታት አድርጎ ይቀበለዋል። ገዢውን በዚህ መንገድ ማስደሰት አይከብድም። ነገር ግን ጆሮ እንዴት እንደሚታለል የሚያውቅ ባለሙያ ጆሮን ላለማታለል ከማንም ይልቅ ግዴታ አለበት። የጦር ሰፈሩ ሐኪም በእንቁራሪት ጡንቻ ላይ የፈለገው ሒሳብ፣ ማለት የገባውና የወጣው እኩል መሆናቸው፣ ለሳጥን ሠሪም የሙያው ሒሳብ ነው። ለደንበኛው ሊገኝ የሚችለውንና የማይችለውን አስቀድሞ በቁጥር የነገረ ባለሙያ የሄልምሆልዝን ስም ባይጠራም ሥራውን ቀጥሏል።